ወፍራሙ የሞተር ድምፅ በባሕር ዛፍ አጥር አይቆምም

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ይፋግ፤ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ በጎንደር መንገድ ወደ ሰሜን የሚታጠፍ መንገደኛ የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ከመድረሱ በፊት ይፋግን ያገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን በበጌምድር ከታወቁት የነጋዴ መገናኛ ገበያዎች አንዷ የነበረችው ይህች ከተማ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር ጤፉን፣ ዳጉሳውንና ሽምብራውን ያመርታል፤ ወደ ጣና በሚያዘነብለው ሜዳ ደግሞ ሩዝ ይዘራል፤ በበጋ ከርብ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። እህሉን የሚፈጨው ሞተር ነው፤ ውሃውን የሚስበውም ሞተር ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ ሞተር ድምፅ መጻፍ ስለ ከተማ ሰው ቅምጥልነት መጻፍ አይደለም።

በገበያ ቀን ጠዋት እህሏን በአህያ ጭና ከመንደሯ የምትወጣ እናት ከሁሉ አስቀድማ ጆሮዋን ታቆማለች። ወፍጮው መነሣት አለመነሣቱን የምታውቀው በድምፁ ነውና። ድምፁ ከተሰማ ጉዞ ይጀመራል፤ ካልተሰማ ናፍጣ አልቋል ወይም ቺንጋ ተበጥሷል ማለት ስለሆነ አህያይቱ ትራገፋለች። ባለ ወፍጮዎችም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ ማርሚታውን ፈትተው ጥለው፣ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ጣሳ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ እያሰሩ ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ጣሳው የወፍጮ ቤቱ ደወል ነው። ማርሚታ ግጠሙ ብሎ የሚመክር የግብርና ሠራተኛ ደንበኛ አባርሩ ብሎ እንደ መከረ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

የጎረቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የወፍጮው ፍጭትና የቺንጋው ጥፊያ በር ሲዘጋ ይቀንሳል፤ ዱብ ዱብ የሚለው ግን አይቀንስም። ጆሮን በጥጥ ቢደፍኑት፣ ጋቢ ቢከናነቡ በደረት በኩል ይገባል። መደርደሪያ ላይ ያለ ስኒ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮቱ መዝጊያ ይርገበገባል። በወፍጮ ቤት ጥግ ትምህርት ቤት ካለ መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን ቃሉን ግማሽ በግማሽ ይሰማል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው የውጭ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሲመክር፣ ድምፁ ወፍራም በሆነ ጊዜ ከዚህም ማነስ እንዳለበት ጨምሮ ገልጿል።

እዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ ራሱ የሠራውን ስሕተት መደበቅ አይገባውም። በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በደጋው በአንድ ቀበሌ አንድ ባለ ወፍጮና ጎረቤቶቻቸው ተጣልተው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር 60 እርምጃ ያህል ይርቃል። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ የተማረ ሰው ይናገር ተባለና እኔ ተጠየቅሁ። ኮሌጅ ሳለን ስለ ሞተር ዘይትና ፊልትሮ እንጂ ስለ ድምፅ የተማርነው ነገር አልነበረም። ሆኖም አላውቅም ማለት አፍሬ፣ በሞተሩ ቤት ዙሪያ የቆርቆሮ አጥር ይቁም፣ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ይተከል አልኩ። ባለ ወፍጮው ወይፈን ሸጠው ቆርቆሮውን ገዙ። አጥሩ ቆሞ ሞተሩ በተነሣ ዕለት ሽማግሌዎቹ በትምህርት ቤቱ በር ቆመው አዳመጡ። የቺንጋው ጥፊያ በእርግጥ ጠፍቷል። ዱብ ዱብታው ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም አዲሱ ቆርቆሮ አብሮ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ሌላ ድምፅ ተጨመረ። ማንም አልተቆጣኝም። ባለ ወፍጮው ልጄ ቡና ጠጣ ብለው ወደ ቤት አስገቡኝ፤ ከቁጣው ይልቅ ያ ቡና ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሣሁት።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። አየሩ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቀጭን፣ ጥቂት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ወፍራም ድምፅ ይሆናል። መለኪያው ሄርዝ ይባላል፤ አንድ ሄርዝ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ማለት ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሄርዝ ገደማ በታች የሆነውን እንደ ዜማ አይሰማውም፤ ከበረታ እንደ ግፊትና እንደ ምት ሆኖ በገላ ይታወቃል እንጂ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገር ገጠር ወፍጮ ሲያዞር የኖረውንና በኋላም በሕንድ አገር ራጅኮት እየተኮረጀ የተሠራውን የእንግሊዙን ሊስተር እንውሰድ። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ 6 ፈረስ ጉልበት የሆነው ዓይነት በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተኩስ፣ በደቂቃ 325 ጊዜ፣ በሴኮንድ ከ5 ጊዜ ትንሽ በለጥ ብሎ ይተኩሳል። ጆሯችን ዱብ ዱብ እያለ የሚቆጥረው ይህን ነው። እያንዳንዱ ተኩስ ደግሞ ከእርሱ ጋር እጥፍ እጥፉን፣ ማለትም 11፣ 16፣ 22፣ 27 ሄርዝ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል። በቤንዚን የሚሠራውና ገበሬው በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ የሚወርደው ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር በደቂቃ 3600 ዙር ከዞረ በሴኮንድ 30 ጊዜ ይተኩሳል። በ1500 ዙር የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ጀነሬተር ደግሞ 50 ጊዜ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ርቀት በተኩሱ ቁጥር ስናካፍል የአንዱን ሞገድ ርዝመት እናገኛለን። ለትንሹ የውሃ መሳቢያ 11 ሜትር፣ ለጀነሬተሩ 7 ሜትር ገደማ፣ ለሊስተሩ የመጀመሪያ ምት 63 ሜትር ይሆናል። ባሕር ዛፉ ያልረዳን ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። 11 ሜትር ለሚረዝም ሞገድ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ግንድ፣ በጅረት መካከል የተተከለ ቀጭን እንጨት ማለት ነው፤ ውሃው ግራና ቀኝ ዞሮት ያልፋል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለውንም አጥር ሞገዱ ከላይ ተጠማዝዞ ይሻገረዋል። ጥላ የሚጥለው ከሞገዱ ጋር የሚመጣጠን ትልቅ ነገር ብቻ ነው።

ቆርቆሮው ደግሞ በቅለቱ ወደቀ። ግድግዳ ድምፅ የሚያግደው በክብደቱ ነው፤ ድምፁ በወፈረ መጠን የሚያስፈልገው ክብደት ይጨምራል። አንድ ካሬ ሜትር ቀጭን ቆርቆሮ 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ግን በዚያው ስፋት ከ1000 ኪሎ በላይ ነው። ለ50 ሄርዝ ድምፅ ቆርቆሮው እንደሌለ ይቆጠራል። ድንጋይ ገንብተው ጣራውን በቆርቆሮ ለሚከድኑም ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ ወፍራሙ ድምፅ በጣራው እንደሚወጣ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ባለ ወፍጮውም እኔም ዓይናችን እያየ ሳተነው፤ የሞተሩ ቤት ምንም ቢወፍር የጭስ ማውጫው አፍ ያለው ከቤቱ ውጭ ነው። ሌባው ውጭ ቆሞ እኛ በር እንዘጋ ነበር።

በሜዳው ላይ ደግሞ የሌሊቱ ነገር ይጨመራል። የሽንኩርት ገበሬ ተራው ሌሊት ሲደርሰው ሌሊት ያጠጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጠን ስለሚል፣ ወደ ሰማይ ያመራው ድምፅ ተቆልምሞ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን በአጠገቡ አልፈውት ልብ ያላሉት ሞተር ሌሊት ከሩቅ መንደር ጓሮ የተነሣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጭኑን ድምፅ አየሩ ራሱ በመንገድ ይበላዋል፤ ወፍራሙን ግን አይነካውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መድኃኒቱ ያለው ምንጩ ላይ ነው፤ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ።

እኛን ያዳነን አንድ በያጅ ነው። የተሠራውን አጥር አይቶ ሳቀና፣ ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ከምታቆሙ አንድ በርሜል ብትሰጡኝ ይሻል ነበር አለ። የነገሩ መሠረት መስኖ ለሚያጠጣ ሰው ግልጽ ነው። ውሃን በባልዲ እየቀዱ በቦይ ውስጥ ቢደፉት በቦዩ ጫፍ የሚደርሰው እየፈነዳ፣ እየቆመ ነው። ያንኑ ውሃ መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ደፍተው ከገንዳው በቦይ ቢለቁት ግን እኩል ሆኖ ይፈሳል። ሞተሩ ጭሱን በባልዲ ይደፋል፤ በርሜሉ ገንዳው ነው። የተኩሱ ግፊት ጠባቡን ቱቦ ለቆ ሰፊ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ከፊሉም ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው የለዘበው ነው።

ፋብሪካ ከሞተሩ ጋር የሚልከው ትንሽ ማርሚታ ወፍራሙን ድምፅ የማይችለው ሆዱ ስለሚጠብ ነው። በውስጡ የሚወተፈው የብረት ጭረት ወይም የመስተዋት ጥጥ የሚያስቀረው ፉጨቱን እንጂ ዱብታውን አይደለም። ለዱብታው የሚያስፈልገው ስፋት ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድና ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦ ጋር ሲነጻጸር የበርሜሉ አፍ ስፋት 130 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በሒሳብ ሲሰላ እንዲህ ያለው በርሜል በ25 ሄርዝ ላይ ከ20 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል። ርቀትን እጥፍ ማድረግ 6 ዴሲቤል ብቻ እንደሚቀንስ ያስታወሰ አንባቢ፣ ይህ ወፍጮውን ከ60 ሜትር ወደ 600 ሜትር እንደ ማራቅ መሆኑን ይረዳል። በሥራ ላይ ብየዳው ስለሚያፈስ፣ የበርሜሉም ገላ ስለሚንቀጠቀጥ ውጤቱ ከሒሳቡ ያንሳል፤ ቢያንስም ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርሜሉ ከሞተሩ ቤት ውጭ በድንጋይ እግር ላይ ይጋደማል። ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ በአንደኛው ጫፍ፣ የሚወጣው በሌላኛው ጫፍ ይበየዳል፤ ሁለቱ ቱቦዎች ፊት ለፊት እንዳይተያዩ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይደረጋል። መውጫው ቱቦ ከጣራው በላይ እንዲቆም ሆኖ አፉ ከመንደሩና ከትምህርት ቤቱ ወዲያ ይዞራል። የትኛውም ቱቦ ሞተሩ ላይ ካለው የጭስ መውጫ እንዳይጠብ፤ ከጠበበ ሞተሩ ይታፈንና ናፍጣ ይበላል፣ ጉልበቱም ይወድቃል። በርሜሉ ቀጭን ስለሆነ ገላው እንዳያስተጋባ ዙሪያውን በጭቃና በድንጋይ መከመር መልካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም ሰው ዘሎ እንዳያነበው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል እንደ መጣ መበየድ ሰው ይገድላል። ባዶ የመሰለው በርሜል በነዳጅ ተን የተሞላ ስለሆነ የብየዳው ብልጭታ እንደ ቦምብ ያፈነዳዋል። ከተገኘ ነዳጅ ያልነበረበትን በርሜል መምረጥ ነው። ካልተገኘ ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተው በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም ውሃ ሞልቶ የሚበየደውን ቦታ ብቻ ከውሃው በላይ አስቀርቶ መበየድ ያስፈልጋል። ይህን ጥንቃቄ የሚያቃልል በያጅ ካለ ሥራውን ለሌላ መስጠት ይሻላል።

በሌላ አገር የሊስተር ባለቤቶች በበርሜል ፈንታ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በድንጋይ ገንብተውና ከድነው ጭሱን በዚያ ውስጥ ያሳልፋሉ። በደጋው፣ መሬቱ ጭንጫ በሆነበት ይህ ይሠራል። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ግን አይመከርም። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቡም አብሮት ይሰነጠቃል። ውሃም አለ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የማያስታውስ የሜዳው ሰው የለም። ውሃ የሞላው ጉድጓድ የሞተሩን ትንፋሽ ዘግቶ ያቆመዋል። ለሜዳው በርሜሉ፣ እርሱም ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠው ይበጃል።

አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች ስለ ገንቦው ዘዴ ጠይቀውኛል። በባዶ ገንቦ አፍ ላይ እፍ ያለ ሰው ገንቦው በአንድ ወፍራም ድምፅ ሲመልስለት ሰምቷል። ይህን ነገር ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው አስረድቷል። እንዲህ ያለ ባለ አንገት ዕቃ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጎን ቢገጠም የራሱን ድምፅ ያህል የሆነውን ድምፅ ይውጠዋል። ችግሩ የሚውጠው ያንን አንዱን ብቻ መሆኑ ነው። እህሉ ሲበዛ የሞተሩ ዙር ትንሽ ዝቅ ቢል ገንቦውና ሞተሩ ይተላለፋሉ። ጭሱም ትኩስ ስለሆነ በውስጡ ድምፅ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በቀዝቃዛ አየር የተለካው ልክ በትኩሱ አይሠራም። ለፋብሪካ መሐንዲስ እንጂ ለወፍጮ ቤት የሚሆን አይደለም።

መሐንዲሶቹም ቢሆኑ ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። በጋዝ ተርባይን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ወይም ጋዝ የሚገፉ ጣቢያዎች ከጭስ ማውጫቸው ከ20 እስከ 40 ሄርዝ ገደማ የሆነ ጉርምርምታ ያወጣሉ፤ በአካባቢው ያሉ ቤቶች መስኮት ይርገበገባል፣ ነዋሪውም አቤት ይላል። ይህን ለማስቀረት የሚሠራው ማርሚታ የአንድ ፎቅ ቤት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ዱክስፎርድ በሚባል ቦታ በነበረ የጋዝ መግፊያ ጣቢያ ላይ ሌላ ዘዴ ተሞክሮ ነበር። በጭስ ማውጫው አፍ ዙሪያ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረው፣ ተርባይኑ አየሩን ሲገፋ እነርሱ እንዲስቡት፣ ሲስብ እንዲገፉት ተደረገ። ድምፅ በድምፅ ተሻረ፤ ጉርምርምታው 10 ዴሲቤል ያህል ቀነሰ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈው ነገር ቢኖር፣ ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም የጀመሩት ከጭስ ማውጫው አፍ እንጂ ከአጥር አለመሆኑን ማየታችን ነው።

ወደ ወንዙ ስንወርድ ጉዳዩ ከእንቅልፍ አልፎ የሕይወት ይሆናል። በይፋግ አካባቢ ባለው ከፍታ ውሃን በመሳብ ብቻ ማንሣት የሚቻለው በሒሳብ 8 ሜትር ያህል፣ በሥራ ግን ከ5 እስከ 6 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃው ሲርቅ ገበሬው ሞተሩን ራሱን ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። ድምፁም በዚያው ስለሚታፈን ጎረቤት ዕረፍት ያገኛል፤ ይህ ግን እጅግ አደገኛ ነው። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም። ጉድጓዱ ውስጥ ይከማቻል፤ ነዳጅ ልጨምር ብሎ የወረደ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደ ወንድሙም ይከተለዋል። ሞተር በሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው እንዳይወርድ፤ ድምፅ ለመቀነስ ተብሎም ሞተር በጉድጓድም ሆነ በዝግ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ።

የውሃ መሳቢያን ድምፅ ለማራቅ የሚቻለው በሌላ መንገድ ነው። የሚስበው ቱቦ አጭር መሆን ቢኖርበትም የሚገፋው ቱቦ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን በመንደሩ በኩል ካለው ዳር ይልቅ ወንዙ ጎንበስ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ዝቅተኛ እርከን ላይ አስቀምጦ ውሃውን በረጅም ቱቦ መግፋት ይቻላል። ከፋብሪካ የመጣውን ማርሚታ ዝጎ ሲበሳ መቀየር፣ የአየር ፊልትሮውንም አለማውለቅ ይገባል፤ ሞተሩ አየር ሲስብም ወፍራም ድምፅ ያወጣልና።

ስኒው የሚንቀጠቀጠው በአየር ነው ወይስ በመሬት? ይህን ለመለየት በጎረቤት ቤት ወለል ላይ ውሃ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ማስቀመጥ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የውሃው ፊት በጉልህ ከተጨማደደ ንዝረቱ በመሬት መጥቷል። ያን ጊዜ ሥራው የሞተሩ መቀመጫ ላይ ይሆናል። ዝግ ብሎ ለሚዞር ሞተር ከሥሩ ጎማ ማንጠፍ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሚይዘው ከባድ መቀመጫ ነው። ቮላኖው ያለበት ሞተር ከራሱ ክብደት ብዙ ጊዜ በሚበልጥ አርማታ ላይ ይሰር፤ አርማታውም ከቤቱ ወለልና ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ ዙሪያውን አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይተውለት።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ በመኖሪያ አካባቢ የተወሰነው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቀማል። መለኪያው ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ኤ በሚባለው ልክ ነው። ይህ ልክ የሰውን ጆሮ ለመምሰል ሲል ከወፍራሙ ድምፅ ብዙ ይቀንሳል፤ በ63 ሄርዝ 26፣ በ31.5 ሄርዝ 39 ዴሲቤል ያህል ይጥላል። ስለዚህ መስኮት እየተርገበገበ ቁጥሩ ከልክ በታች ሊሆን ይችላል። ባለሙያው በሲ ልክ ጭምር እንዲለካ መጠየቅ ነው፤ ሲ ከ31.5 ሄርዝ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በሰፊው ከተራራቁ ጥፋተኛው ወፍራሙ ድምፅ መሆኑ ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ሞተሩን በኤሌክትሪክ መለወጥ ከሁሉ የቀለለ መድኃኒት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጭስም ተኩስም የለውም። መብራት ሲጠፋ ግን የናፍጣው ሞተር ከጥግ ይወጣል። ስለዚህ መስመር ገብቷል ብሎ በርሜሉን መሸጥ አይገባም።

ያ የደጋው ወፍጮ በርሜሉ ከተገጠመለት በኋላ ዱብታው ከትምህርት ቤቱ ሲሰማ በሩቅ እንዳለ ከበሮ ሆነ። ቀጥሎ የመጣውን ችግር ግን ማንም አላሰበውም። በሁለት ተከታታይ የገበያ ቀናት ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ዋለ፤ ድምፁ ያልተሰማቸው እናቶች ሞተሩ ተበላሽቷል ብለው እህላቸውን ወደ ሌላ ቀበሌ ወስደው ነበር። ባለ ወፍጮው በርሜሉን ሊነቅሉት ተነሡ። በያጁ ተጠርቶ መጣና ጭሱ በርሜሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለው ቱቦ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ክዳን ሠራለት። ክዳኑ ሲከፈት ጭሱ በአቋራጭ ወጥቶ እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ሲዘጋ በበርሜሉ በኩል ይዞራል።

በርሜሉን የሚንከባከበው የወፍጮው ሠራተኛ ነው። ከጭሱ ጋር የሚመጣው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ብረቱን እንዳይበላው በየሳምንቱ ከሥሩ ያለችውን ቡሽ ነቅሎ ያፈሳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጥላሸቱን ይጠርጋል። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ ይከፍተዋል፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት እስኪሰሙ ጥቂት ደቂቃ ይተወዋል። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ይዘጋዋል።